ልጆችን ጠዋት በእግር ወደ ተፈጥሮ መውሰድ፦ በጎንደር ዙሪያ የትኛው መንገድ ይሻላል?

ጥያቄ፦ እናት ከአዲስ ዓለም

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምኖረው ጎንደር አዲስ ዓለም ነው፤ የአምስት ዓመት ሴት ልጅና የዘጠኝና የአሥራ አንድ ዓመት ወንዶች ልጆች አሉኝ። ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ስለ ደረቀ፣ ከዚህ ከጥቅምት ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱን ይዤ ከከተማው ወጣ ብዬ ዛፍና ወንዝ ወዳለበት አካባቢ በእግር ለመሄድ አስቤአለሁ። ዓላማዬ ልጆቹን ስፖርት ማሠራት ብቻ አይደለም፤ ለፈተና የሚሸመድዱትን የዕፀዋትና የእንስሳት ትምህርት በዓይናቸው አይተው፣ በእጃቸው ዳስሰው እንዲያውቁት እፈልጋለሁ። ትልቁ ልጄ የቀጭኔንና የአውራሪስን ሥዕል ሳይሳሳት ይለያል፤ ከቤታችን ጀርባ ያለውን ዛፍ ስሙን ብጠይቀው ግን የመለሰልኝ «ዛፍ ነዋ!» ብሎ ነው።

በመጀመሪያ የሚያሳስበኝ የቦታው ምርጫ ነው። ትንሿ ልጄ ረጅም መንገድ አትችልም፤ ወንዶቹ ደግሞ በአጭር መንገድ ቶሎ ይሰለቻሉ፤ ሦስቱንም የሚያስማማ መንገድ ካለ ብታመለክቱኝ ደስ ይለኛል። ሁለተኛው የሰዓቱ ነገር ነው። ለሱብሒ ሶላት ስለምንነሣ ማለዳ መንቃቱ አያስቸግረንም፤ ነገር ግን አማቴ «በዚያ ሰዓት ጅቡ ገና ጉድጓዱ አልገባም፣ ልጆቹንም ብርድ ይመታቸዋል» እያሉ አጥብቀው ይቃወሙኛል፤ ንግግራቸው ውስጥ እውነት እንዳለ ስለሚሰማኝ ዝም ብዬ ላልፈው አልፈለግሁም። በመጨረሻም እኔ ራሴ በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ስለ ዕፀዋት ያለኝ ዕውቀት ከጓሮ አያልፍም። ልጆቹ «ይህ ምንድን ነው?» እያሉ ሲያጣድፉኝ ምን ብዬ ልመልስላቸው? ልምድ ያላችሁ ወላጆችና መምህራን ሐሳባችሁን ብታካፍሉኝ አመሰግናለሁ።


መልስ፦ ጡረተኛ የባዮሎጂ መምህር

እኅቴ፣ ጥያቄዎን ያነበብኩት በደስታ ነው። ከቦታው ልጀምር። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ በምዕራብ ቀሃ፣ በምሥራቅ አንገረብ የሚያዋስኗት ከተማ ናት፤ ከየትኛውም ሰፈር ቢነሡ ብዙ ሳይርቁ ወይ ወንዝ ወይ ኮረብታ ያገኛሉ። ችግሩ በዙሪያችን ካለው ዛፍ ብዙው ባሕር ዛፍ መሆኑ ነው። ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ የሚሰጠውን ጥቅም አልክድም፤ ለልጅ ትምህርት ግን ድኻ ደን ነው። ከሥሩ ቁጥቋጦ እምብዛም አይበቅልም፣ ወፉም ነፍሳቱም ጥቂት ነው፣ አንዱን ዛፍ አይቶ የጨረሰ ልጅ ሌላውን ሁሉ አይቶ እንደ ጨረሰ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ቦታ ሲመርጡ የርቀቱንና የእይታውን ውበት ለጊዜው ወደ ጎን ይተዉትና፣ በመቶ እርምጃ ውስጥ ስንት ዓይነት ሕይወት ያለው ነገር ይገኛል በሚለው ይመዝኑት።

በዚህ መመዘኛ ለሕፃናት ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ዙሪያ የሚሻል ቦታ በከተማችን አላውቅም። ያረጁ ጽዶችና ወይራዎች ያሉት እዚያ ነው። የጽድ ቅጠል እንደ ቅርፊት ተደራርቦ የተለጠፈ ሲሆን፣ ፍሬውን በጣት ቢጨምቁት ጠንከር ያለ ሽታ ይሰጣል። ወይራ ደግሞ ቅጠሉ ከላይ ጠቆር፣ ከሥር ነጣ ያለ ነው፤ ልጆቹ በመልኩ ባያውቁት እንኳ የወተት ዕቃ ሲታጠንበት በጭሱ ያውቁታልና ከሽታው ወደ ዛፉ ማድረስ ቀላል ነው። ግቢውን የከበበው ቅጥር የሐዋርያት ምሳሌ የሆኑ አሥራ ሁለት ክብ ግንቦች አሉት፤ ትንሿ ልጅዎ መቁጠር ከጀመረች እየቆጠረች ትዙራቸው። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ይህን ደብር የንብ መንጋ ወጥቶ እንዳዳነው ይተረካል፤ ከዚህ ታሪክ በኋላ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ንብ ባየ ቁጥር ቆም ብሎ መመልከቱ አይቀርም።

ለወንዶቹ የቁስቋም ዳገት ይበቃቸዋል። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቤተ መንግሥታቸውንና ደብራቸውን ያሠሩበት ይህ ስፍራ ዳገት ይኑረው እንጂ ሩቅ አይደለም። በእንዲህ ያለ ዳገት ዳርና ዳር አጋም፣ ቀጋ፣ ግራዋ፣ ክትክታ፣ ብሳና ይፈልጉ። ብሳናን ከሩቅ መለየት ይቻላል፤ ቅጠሉ ሲያረጅ ሳይረግፍ በፊት ደማቅ ብርቱካንማ ስለሚሆን፣ በአረንጓዴው መካከል አንድ ሁለት ብርቱካንማ ቅጠል ያለበትን ዛፍ መጀመሪያ ያየ ልጅ ያሸንፋል ብለው ቢያወዳድሯቸው መንገዱ ሳይታወቃቸው ያልቃል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገብቶ ቁስቋም ተቀምጦ እንደ ነበርም ይንገሯቸው። ብሩስ በአገራችን ሳለ ተቅማጥ ሲያሠቃየው የጠቀመው ዋጊኖስ የተባለው ቁጥቋጦ ነው፤ የዕፀዋት ሊቃውንትም በኋላ የዚህን ዕፅ ወገን በእርሱ ስም ብሩሴያ ብለው ሰይመውታል። ታሪኩን መስማት ግን ዕፁን ለመቅመስ ፈቃድ እንዳልሆነ አብሮ መነገር አለበት።

ስለ መቅመስ ካነሣሁ፣ ይህን ከቤት ሳይወጡ በፊት ይጨርሱት። በመንገድ ዳር ቢጫ ፍሬ የሚያፈራው እሾኻም እምቧይ፣ ነጠብጣብ ያለው የጉሎ ፍሬ፣ እንዲሁም በቆሻሻ መጣያና በአጥር ሥር የሚበቅለው አስተናግር ሁሉም መርዝ አለባቸው፤ የቁልቋል ወተት ደግሞ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል። «ይህ ይበላል፣ ያ አይበላም» እያሉ ዝርዝር ማስያዝ ለአምስት ዓመት ልጅ አያዋጣም። አጋምም ቢሆን፣ እንጆሪም ቢሆን፣ ከእናት እጅ ያልተቀበሉትን ምንም ነገር ወደ አፍ አለማስገባት የሚለው አንድ ሕግ ይበቃል።

ስም ስለ መጠየቁ አይጨነቁ። ከእያንዳንዱ ጉዞ ሦስት ወይም አራት የወደቁ ቅጠሎችን፣ ከነፍሬያቸው ከተገኙም ከነፍሬያቸው፣ በደብተር መካከል አስገብተው ይዘው ይመለሱና ልጆቹ ራሳቸው ለአማትዎ ያቅርቡላቸው። የእርሳቸው ትውልድ የትኛው ለማጠኛ፣ የትኛው ለጋን ማጠቢያ፣ የትኛው ለቁርጠት እንደሚሆን ጠንቅቆ ያውቃል፤ የጅቡንም ሙግት በግማሽ የሚያበርደው ይህ ሳይሆን አይቀርም።


መልስ፦ የሰሜን ተራሮች አስጎብኚ

የመምህሩን ምክር ባከብርም በአንድ ነገር አልስማማም። የዘጠኝና የአሥራ አንድ ዓመት ወንዶች ልጆች ቅጠል እየለቀሙ ሁለት ሰዓት አይቆዩም፤ እንዲህ ያለ ልጅ መድረሻ ይፈልጋል። «ያ ጫፍ ድረስ እንወጣለን» ከተባለ ይወጣል፤ «እስኪ ዞር ዞር እንበል» ከተባለ ግን ከመቶ እርምጃ በኋላ «መቼ ነው የምንመለሰው?» ማለት ይጀምራል። ስለዚህ እኔ የምመክረው ወደ ጎሃ ኮረብታ መውጣትን ነው። ከላይ ሆነው ከተማውን ቁልቁል ሲያዩ የፋሲል ግንብ ጉልላቶች ይታያሉ፤ የመጡበትን መንገድ በጣታቸው እየተከተሉ ቤታቸው በየት በኩል እንደሆነ ሲፈልጉ የሚያገኙት የአቅጣጫና የካርታ ትምህርት በክፍል ውስጥ የሚገኝ አይደለም። ሲወርዱ ቅጠላቸውን ይልቀሙ፤ ልጅ ጉልበቱን ከጨረሰ በኋላ ነው ዝቅ ብሎ መሬት የሚያየው።

ቅዳሜ ጠዋት ከየገጠሩ ወደ ቅዳሜ ገበያ የሚመጣው ሰው፣ አህያና መኪና ብዙ ስለሆነ በዋናው አስፋልት ዳር ልጆችን አሰልፎ መሄድ ጥሩ አይደለም። የውስጥ ለውስጥ መንገዶችን ይምረጡ፤ ወይም ቀኑን ወደ እሑድ ያዙሩት።

ልጆቹ መሄድ ከለመዱ በኋላ በደባርቅ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘውን ኮሶዬን ያስቡበት። ከገደሉ አፋፍ ሆኖ ቁልቁል የሚታየው ቆላ ትልቅ ሰውን እንኳ ዝም ያሰኛል፤ ጭላዳም ይገኛል። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በስተቀር በዓለም ላይ በዱር የትም የማይኖር፣ ሣር እየነጨ የሚውል፣ ሌሊቱን ገደል ላይ የሚያድር፣ ወንዱ ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት ያለው እንስሳ ነው። ጠዋት ከገደሉ ወጥቶ ፀሐይ ሲሞቅ ማየት ለልጅ ትልቅ ነገር ነውና ማልዶ መድረስ ይጠቅማል። ምግብ መወርወር ግን አይገባም፤ እንስሳው ሰውን ከምግብ ጋር ማያያዝ ከጀመረ የሚነጥቀው ከልጆቹ እጅ ነው። ወደዚያ ለመሄድ የመንገዱን ሁኔታ በዕለቱ ጠይቆ መነሣት፣ ከገደሉ አፋፍ ላይ ደግሞ ለእያንዳንዱ ትንሽ ልጅ አንድ ትልቅ ሰው መመደብ ያስፈልጋል። ከደባርቅ በላይ ያለውን የሰሜን ተራሮች ፓርክ ልጆቹ ትንሽ እስኪያድጉ ያቆዩት፤ ሳንቃበር ብቻ ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆነ ከፍታውም ብርዱም ለአምስት ዓመት ልጅ ቀላል አይደለም።


መልስ፦ ነርስ ከአዘዞ

ስለ ዛፉና ስለ ተራራው ባለሙያዎቹ ተናግረዋል፤ እኔ በሥራዬ ከማያቸው ነገሮች ጥቂቱን ልጨምር።

አማትዎ ያነሡት የጅብ ጉዳይ ትክክል ነው፤ መፍትሔውም ቀላል ነው፤ ጨለማው ሙሉ በሙሉ ሳይገፈፍ አይውጡ። በእኛ አካባቢ ፀሐይ በሰኔ 12 ሰዓት ገደማ ስትወጣ፣ በጥር ግን እስከ 1 ሰዓት ገደማ ትዘገያለች። በዚህ በጥቅምት ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ቢነሡ ብርሃኑም በቂ ነው፣ መንገዱም ሰው ይኖረዋል። ብርዱ ለጤነኛ ልጅ የሚያሰጋ አይደለም፤ በአንድ ወፍራም ሹራብ ፋንታ ሁለት ሦስት ስስ ልብስ ደራርበው ያልብሷቸውና ሲሞቃቸው አንድ አንዱን ያውልቁ። አስም ያለበት ልጅ ካለ ግን መድኃኒቱ በእናት ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን በእጅ በሚደረስበት ቦታ መሆን አለበት።

ሰው ሁሉ ብርዱን ሲፈራ የሚዘነጋው ፀሐይዋን ነው። ከባሕር ጠለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ ጎጂው የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ጎንደር ላይ ያለው ጨረር አየሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ እንኳ ከባሕር ዳርቻ አገር በአንድ አምስተኛ ያህል ይበልጣል። ሰፋ ያለ ባርኔጣ ያድርጉላቸው፤ ከ4 ሰዓት በፊትም ቤት ይግቡ።

ከሁሉ በላይ ግን አደራ የምለው ስለ ወንዙ ነው። ልጅ ውሃ ሲያይ ጫማውን ማውለቅ ይወዳል፤ ይህን አይፍቀዱ። የቢልሃርዝያ ትል እጭ የሚያድገው በረጋ ወይም ዝግ ብሎ በሚፈስ ውሃ ውስጥ በሚኖሩ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ነው፤ ከቀንድ አውጣው ወጥቶ ውሃው ውስጥ ይዋኛል፣ የሰው ቆዳ ሲያገኝም በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ በስቶ ይገባል። ወዲያው የሚታይ ቁስል ስለማይኖር እናት አታውቅም፤ ከሳምንታትና ከወራት በኋላ በሆድ ሕመምና ደም በተቀላቀለበት ዓይነ ምድር ነው የሚገለጠው። ድንጋይ እየወረወሩ የውሃውን ክብ መቁጠር፣ ቅጠል ለቅቆ የማን ቅጠል ቀድሞ እንደሚደርስ መመልከት፣ ይህ ሁሉ እግር ሳይነከር ይሆናል።

ይህን ሳነሣ መምህሩ ያልጠቀሱት አንድ ዕፅ ትዝ አለኝ፤ እንዶድ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አይተው ነው እንዶድ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ እንደሚገድል በምርምር ያረጋገጡት፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተውበታል። ለአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳይንቲስት ማለት ወንዝ ዳር ቆሞ «እዚህ ብቻ ለምን ሞቱ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው እንደሆነ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ባለቤት የሌለው ውሻ ሲያጋጥማችሁ ልጆቹ እንዳይሮጡ፣ እንዳይጮኹ፣ ድንጋይም እንዳያነሡ አስቀድመው ያለማምዷቸው፤ እጃቸውን ወደ ጎናቸው ሰብስበው ዝም ብለው ይቁሙ። ንክሻ ወይም ጭረት ቢደርስ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ዕለት ጤና ተቋም መሄድ ግዴታ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን ሕክምና የለውም፤ ክትባቱ በጊዜው ከተጀመረ ግን ይከላከላል። ቅጠል ማሰርም ሆነ «እስኪ ውሻውን እንየው» ብሎ ቀን ማሳለፍ አይገባም።


ተጨማሪ ጥያቄ፦ እናት ከአዲስ ዓለም

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መልሶቻችሁን ለአማቴ አንብቤላቸው፣ የነርሷን አስተያየት ሲሰሙ «እንዲህ የሚል ሰው አጥቼ ነው» ብለዋል፤ ስለ ቅጠሉ ግን ምንም ሳይናገሩ ቀርተዋል፤ ዝምታቸውን እንደ ፈቃድ ቆጥሬዋለሁ። መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እኛ ሙስሊሞች ነን። ያመለከቱን ቦታዎች አብያተ ክርስቲያናት ስለሆኑ፣ በጠዋት ጸሎት ሰዓት ልጆች ይዤ በቅጥራቸው ዙሪያ ብዞር ምእመናኑን እንዳላውክ እሰጋለሁ። ሌላ አማራጭ ይኖር ይሆን? ትንሿ ልጄ መንገድ መካከል ተቀምጣ «ተሸከሙኝ» ስትልስ ምን ማድረግ ይሻላል?


መልስ፦ ጡረተኛ የባዮሎጂ መምህር

እኅቴ፣ ጥንቃቄዎ የሚያስመሰግን ነው። አገር በቀሉ ዛፍ በብዛት የተረፈው በአጸደ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ነው እዚያ ያመለከትኩዎ፤ ዛፎቹ ግን ከቅጥሩ ውጭ ካለው መንገድም ይታያሉ። በሌላ ቀን፣ ቅዳሴ በማይኖርበትና ጎብኝ በሚገባበት ሰዓት በር ላይ ጠይቀው ቢገቡ የሚያስቀይሙት ሰው አይኖርም። ለመጀመሪያው ጉዞ ግን ሌላ መንገድ ላመልክትዎ፤ ከጃን ተከል ተነሥተው ወደ ፋሲል መዋኛና ወደ ቀሃ ይውረዱ።

ጃን ተከል ያለውን ዋርካ የጎንደር ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ግን ከጥላው አልፎ የመረመረው ጥቂት ነው። ዋርካና ሾላ የአንድ ወገን ዛፎች ናቸው። ፍሬ የምንለው ነገር በእርግጥ አበቦቹን ወደ ውስጥ ደብቆ የያዘ ከረጢት ነው፤ አበባቸውን ማንም አይቶት የማያውቀው ስለዚህ ነው። በጫፉ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ የምትገባው ከትንኝ የማትበልጥ ተርብ ብቻ ናት፤ እርሷ ከውስጥ አበቦቹን ታዳቅላለች፣ እንቁላሏንም እዚያው ትጥላለች። የዚህ ወገን ዛፎች ያለ ተርባቸው ዘር አይዙም፣ ተርቧም ያለ ዛፏ አትራባም። ከሥሩ የወደቀ ፍሬ አንሥተው በቢላዋ ለሁለት ይክፈሉትና ወንዶቹ ልጆች ውስጡን ይመልከቱ፤ አጉሊ መነጽር ካለ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። አስጎብኚው ወንድሜ «ቅጠል እየለቀሙ አይቆዩም» ያሉት እውነትነት አለው፤ የተከፈተ ሾላ ግን ከቅጠል ይለያል።

ከዚያ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲደርሱ ያው ወገን በቅጥሩ ላይ ሥሩን ዘርግቶ ያገኙታል። ፍሬውን የበላ ወፍ ዘሩን ከግንቡ ስንጥቅ ላይ ይጥለዋል፤ ዘሩ እዚያ በቅሎ ሥሩን ወደ መሬት ቁልቁል ይሰድዳል፤ ሥሩ እየወፈረ ሲሄድ ድንጋዩን ቀስ በቀስ ይፈነቅለዋል፣ ያው ሥር ደግሞ የተፈነቀለውን ድንጋይ እንደ እጅ ጨብጦ ይይዘዋል። ዛፉ ቢነሣ ግንቡ ይድናል ወይስ ይፈርሳል ብለው ልጆቹን ያከራክሯቸው፤ እኔ ተማሪዎቼን ሳከራክር ስምምነት ላይ የደረሱበት ጊዜ የለም። ውሃው ለጥምቀት ከቀሃ በቦይ ተስቦ እንደሚሞላም ያሳዩአቸው። የቅጥሩን መክፈቻ ሰዓትና የመግቢያውን ነገር ቀድመው ይጠይቁ፤ ከመከፈቱ በፊት ከደረሱ ቀሃ ዳር ይጠብቁ።

በወንዙ ዳር ጥቁር ድንጋይ ያንሡ። ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ከሆነ፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ የፈሰሰ ቅላጭ ሲቀዘቅዝ በውስጡ የቀሩ የጋዝ አረፋዎች ምልክት ነው። የሰሜን ተራሮችም፣ ነገሥታቱ ግንባቸውን ያሠሩበት ድንጋይም የመጣው ከዚሁ ዘመን ፍሳሽ ነው። ሰማዩንም ቀና እያላችሁ እዩ፤ መንቁሩ ወፍራም፣ ከጭንቅላቱ ኋላ ነጭ ምልክት ያለበት ትልቅ ቁራ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ አይገኝም። በጠዋቱ ቅዝቃዜ ቁጥቋጦ ላይ የደረቀ መስላ የምትቀመጥ እስስት ካገኙ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። ሰውነቷ በፀሐይ እስኪሞቅ ድረስ ፈጥና መሄድ ስለማትችል ልጆቹ እንደ ልባቸው ያዩአታል። ብዙ ሰው ይፈራታል እንጂ መርዝ የላትም፤ ቢሆንም አይንኳት፣ ከቅርንጫፏም አያውርዷት።

ስለ ትንሿ ልጅዎ ከእኔ የሚሻል መልስ የሚሰጥ ወላጅ ይኖራል።


መልስ፦ አባት ከአራዳ

አለሁ መምህር። እኅቴ፣ ትንሹ ልጅ የሚደክመው ከኋላ ሆኖ ሌሎቹን ለመድረስ ሲሮጥ ነው። ትንሿን ከፊት ያስቀድሙና የጉዞውን ፍጥነት እርሷ ትወስን፤ ወንዶቹ ቢቸኩሉ ቀድመው እስከሚታየው ዛፍ ድረስ ሮጠው ይመለሱ፤ በዚህ መንገድ እነርሱ በተመሳሳይ ሰዓት የእርሷን እጥፍ ይሄዳሉና የመምህሩና የአስጎብኚው ክርክር በአንድ መንገድ ላይ ይታረቃል። ለእያንዳንዱ ልጅ ሥራ ይስጡት፤ ትልቁ ውሃ ይያዝ፣ ሁለተኛው ደብተሩን፣ ትንሿ ፊሽካውን። ፊሽካው ከሌሎቹ ከተነጠለች ብቻ እንደሚነፋ ከቤት ይስማሙ፤ ካልተስማሙ ከአዲስ ዓለም እስከ ቀሃ ሲነፋ ይሰማሉ።

ተቀምጣ «ተሸከሙኝ» ካለች አብዛኛውን ጊዜ ርቧታል ማለት ነው። ቆሎ፣ የተቀቀለ ድንችና ሙዝ ይያዙ፤ በየግማሽ ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ይስጧቸው እንጂ ምግቡን ለመድረሻ አያቆዩት። በልታም ካልተነሣች የዚያ ቀን ጉዞ እዚያ ላይ አብቅቷል፤ መዋኛው ባይደረስም ምንም አይደለም። መመለሻው ዳገት መሆኑን አይርሱ፤ ከመዋኛው ወደ ቤት በባጃጅ መመለስ ለሁሉም ዕረፍት ነው።


መልስ፦ ነርስ ከአዘዞ

ሾላውን ከከፈቱና ድንጋዩን ካገላበጡ በኋላ ቆሎ ከመብላታቸው በፊት እጃቸውን መታጠብ አለባቸው፤ በቀሃ ውሃ ግን አይደለም። ለመጠጥ ከያዙት ሌላ አንድ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ውሃና ቁራጭ ሳሙና ለብቻ ይያዙ። ክብደቱ ለትልቁ ልጅ ነው፤ ሲመለሱ ባዶ ስለሚሆን አያማርርም።